መብራት ሲጠፋ ማውንቱን ማን ይፍታ?

ባህር ዳር ላይ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ይቺን ሰዓት ያውቃታል። መብራት ድርግም ይላል። ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑ ግን ባትሪ ስላለው እንደበራ ይቀራል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

እኔ በሊኑክስ ኮምፒዩተር የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ቀረጻው ግማሹ ካሜራማኑ በሚያመጣልኝ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ዓይነት) ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ ግማሹ በኤስኤስኤችኤፍኤስ (የሩቅ ሰርቨርን ፎልደር እንደራስ ፎልደር በሚያሳይ ፕሮግራም) በማገናኘው ሰርቨር ላይ። እንዲህ ዲስክን ወይም ሰርቨርን ከፎልደር ጋር ማገናኘት ማውንት ይባላል፣ መፍታቱ ደግሞ አንማውንት። አንድ ማታ መብራት ሄደ፤ ባትሪውም እያለቀ ስለነበር ፋይሉ እየተጻፈ እያለ ቶሎ ብዬ ሸት ዳውን አልኩት። እምቢ አለ። አንድ ሥራ እስኪቆም እየጠበቅኩ ነው የሚል መልእክት ከነቆጣሪው መጣ፣ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚቆጥረው። አላስቻለኝም፣ ቁልፉን ተጭኜ በግድ አጠፋሁት። በማግስቱ ሰርቨሩ ላይ ስከፍተው ዘጌ ላይ የተቀረጸው የመልስ ቪዲዮ መሃል ላይ ተቆርጧል። የሰው ሠርግ ነው፣ ድጋሚ አይቀረጽም። ዋናው ካሜራው ካርድ ላይ ባይገኝ ኖሮ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ኤክስት4 ያለውን ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን ሥርዓት) የሚያንቀሳቅሰው ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ራሱ ነው። ፊውዝ ግን፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ያለው፣ ሥራውን ለተራ ፕሮግራም ይሰጠዋል። ኤስኤስኤችኤፍኤስ፣ አርክሎን (የክላውድ ማከማቻ የሚያገናኘው)፣ ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ (ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ የሚከፍተው) ሁሉም እንደ ብራውዘራችሁ ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው) ለፕሮግራሞች መጀመሪያ ሲግተርም ይልካል፣ «ጨርስና ውጣ» እንደማለት ነው። በጊዜው ያልወጣውን በሲግኪል ይገድለዋል። የጊዜው ልክ ካልተቀየረ 90 ሰከንድ ነው። ፋይል ሲስተሙን የያዘው ፕሮግራም ሳይጨርስ ከተገደለ የቀረው ዳታ አብሮት ይሄዳል። ኔትወርኩ ቀድሞ ከተቋረጠ ደግሞ ፕሮግራሙ መልስ የማይሰጥ ሰርቨር ሲጠብቅ ይቆያል፣ ያን ቆጣሪ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፋይሉን የያዘው ፕሮግራም ይዘጋ፣ ቀጥሎ አንማውንት ይደረግ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይውረድ።

በእጅ ለማድረግ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ «ፋይንድማውንት» ብላችሁ ምን እንደተገናኘ እዩ። ዓይነቱ ላይ ፊውዝ ነጥብ ኤስኤስኤችኤፍኤስ፣ ፊውዝ ነጥብ አርክሎን ወይም ፊውዝብሎክ የሚለው ነው የምንፈልገው። (ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።) ከዚያ «ፊውዘርማውንት3 -ዩ» ብላችሁ የፎልደሩን አድራሻ ስጡት፤ በቆዩ ሲስተሞች ላይ 3ቱ የለም። ለራሳችሁ ማውንት ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) አያስፈልግም። ቢዚ ነው ካላችሁ «ፊውዘር -ቪኤም» ከነአድራሻው ማን እንደያዘው ይነግራችኋል። እኔ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ያው የረሳሁት ተርሚናል ነው፣ ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ።

ኢንተርኔት ላይ ቶሎ የምታገኙት ምክር «-ዜድ ጨምሩበት» የሚል ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት አትጨምሩበት። እሱ ስሙን ከዓይናችሁ ያነሳዋል እንጂ ሥራው ከኋላ ሳያልቅ ሊቆይ ይችላል። የተፈታ ይመስላችኋል፣ ታጠፉታላችሁ፣ ፋይሉ ይቀራል።

አንማውንቱ ያለምንም ስህተት ቢመለስ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። እዚህ ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ ያለው ሰው ዳር ስለደረሰ ብቻ ታንኳውን ትቶት አይሄድም። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ አውጥቶ፣ አቁሞ ያደርቀዋል። ፊውዝም እንደዚያው ነው። በፊውዝብሎክ የተገናኘ ሃርድ ዲስክ ከሆነ አንማውንቱ ፕሮግራሙ እስኪጨርስ ይጠብቃል። እንደ ኤስኤስኤችኤፍኤስ ያሉት ላይ ግን ትዕዛዙ ተመልሶ ፕሮግራሙ ገና እየሠራ ሊሆን ይችላል። «ፒግሬፕ ኤስኤስኤችኤፍኤስ» በሉ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ከሆነ ቁጥሩን ይመልሳል፤ ምንም መመለሱን እስኪያቆም ድረስ ጠብቁ።

ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይህን ሁሉ በእጅ ማድረግ አይቻልም፣ ስለዚህ ለሲስተምዲ ስጡት። ኢቲሲ ሥር፣ ሲስተምዲ ውስጥ፣ ሲስተም የሚባለው ፎልደር ላይ አንድ የሰርቪስ ፋይል ጻፉ። «ዩዘር» ላይ የራሳችሁን ስም አስገቡ። «ኤግዜክስታርት» ላይ ኤስኤስኤችኤፍኤስን በ«-ኤፍ» አስነሱት፣ ከፊት ሆኖ እንዲሠራና ሲስተምዲ እንዲከታተለው። «ኤግዜክስቶፕ» ላይ የፊውዘርማውንቱን ትዕዛዝ ከነሙሉ አድራሻው አስቀምጡ። ከሁሉም የሚበልጠው «አፍተር» የሚለው መስመር ነው። እሱ ላይ ኔትወርክ-ታርጌትንም ኔትወርክ-ኦንላይን-ታርጌትንም ጻፉ፣ ሁለተኛውን «ዋንትስ» ላይም ድገሙት። ሲስተምዲ ሲያጠፋ ባስነሳበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ከኔትወርክ በኋላ የተነሳ ከኔትወርክ በፊት ይቆማል። ማውንቱን በኤፍኤስታብ (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚገናኙት የሚዘረዘሩበት ፋይል) የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ «_ኔትዴቭ» የሚለውን ኦፕሽን አትርሱ፣ ያው ሥራ ነው የሚሠራላችሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኔትወርኩን የሚያወርደው ኮምፒዩተሩ ሲሆን ነው። ራውተሩ በመብራት ምክንያት ቀድሞ ከሞተስ? ለዚህ ኤስኤስኤችኤፍኤስ ላይ «ሪኮኔክት»፣ «ሰርቨርአላይቭኢንተርቫል» 15 እና «ሰርቨርአላይቭካውንትማክስ» 3 ጨምሩ። መልስ ከጠፋ 45 ሰከንድ ገደማ ላይ ግንኙነቱ እንደሞተ ይቆጥረዋል፣ ለዘላለም አይጠብቅም። ያም ሆኖ ከተንጠለጠለ የመጨረሻው በር ሲስ ሥር፣ ኤፍኤስ፣ ፊውዝ፣ ኮኔክሽንስ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ማውንት ባለቁጥር ፎልደር አለ፣ ውስጡ «አቦርት» የሚል ፋይል ታገኛላችሁ፣ እሱ ላይ 1 ስትጽፉ ግንኙነቱ ይበጠሳል። ያልተጻፈው ዳታ ግን አይተርፍም፣ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ ተጠቀሙበት። እኔ በበኩሌ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ገዛሁለት፣ ከኦፕሽኖቹ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝም እሱ ነው።

አርክሎን የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቪኤፍኤስ ካሹን (ጊዜያዊ ማስቀመጫውን) «ራይትስ» ላይ ካደረጋችሁት ፋይሉ መጀመሪያ እዚሁ ዲስካችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ከተዘጋ 5 ሰከንድ በኋላ ነው መጫን የሚጀምረው። የእኛ ኢንተርኔት ላይ ትልቅ ቪዲዮ ሲጫን ሌሊቱን ሊወስድ ይችላል። «ሴቭ» ብያለሁና ደርሷል አትበሉ። ደግነቱ ሳይጨርስ ቢጠፋም አርክሎንን በዚያው ኦፕሽን ስታስነሱት ከካሹ ላይ የቀረውን ይጭናል፣ ስለዚህ ዲስክ ሞላ ብላችሁ ካሽ ፎልደሩን በችኮላ አታጥፉት።

ከዚያ ሞክሩት፣ መብራት እያለ። የማይረባ ፋይል ማውንቱ ላይ ገልብጡ፣ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት፣ «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 -ዩ» ከሰርቪሱ ስም ጋር በሉ። ያለፈው ጊዜ እንዴት እንደተዘጋ ያሳያችኋል። መጨረሻው ላይ ሰርቪሱ በሰላም ቆመ የሚል ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ጊዜው አለፈ ወይም በሲግኪል ተገደለ ካላችሁ ሰርቪስ ፋይሉ ላይ «ታይምአውትስቶፕሴክ»ን (ለመቆም የሚሰጠውን ጊዜ) ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት።