«ገደኛ»ን በቦታው ለመጠቀም

«ገደኛ» የወጣው «ገድ» ከሚለው ስም ነው። ብዙ ሰው ከ«ዕድለኛ» ጋር ያምታታዋል። ሎተሪ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከእሱ የገዛ ሁሉ እየደረሰው የሚሄድ ሎተሪ አዟሪ ግን ገደኛ ነው። ዕድለኛ ለራሱ ያገኘ፣ ገደኛ ደግሞ በአብዛኛው ለሌላው ሲሳይ ይዞ የሚመጣ ነው። ከመጻፍዎ በፊት «ጥቅሙ የደረሰው ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ቃሉ ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለቀንም ይሆናል። ጠዋት መጀመሪያ የገባው ገዢ ሳይከራከር ገዝቶ ከወጣ በኋላ ገበያው ከደራ፣ ባለሱቁ «ገደኛ ነህ፣ ነገም ብቅ በል» ይለዋል። ለሴትም «ገደኛ ነሽ»፣ ለታላቅ «ገደኛ ነዎት» ነው፤ ሲበዛ «ገደኞች»።

አጻጻፉ ላይ አንዲት ፊደል ጉድ ትሠራለች። «ገድ የለውም» ማለት መልካም ነገር አያመጣም ነው፤ «ግድ የለውም» ካሉ ግን ሰውየው ደንታ የለውም ብለው አረፉ። «ገድል»ም ሌላ ነው፤ የጻድቃን ታሪክ ወይም የጀግና ሥራ እንጂ ከዕድል ጋር አይገናኝም።

ተቃራኒው «ገደ ቢስ» ነው። «ገድ ቢስ» ተብሎ አይጻፍም፤ እንደ «ፍሬ ቢስ» ሁለት ቃል ሆኖ «ደ» ይላል። «ምን ያለ ገደ ቢስ ቀን ነው!» ቢባል ማንም አይቀየምም። ሰውን ፊት ለፊት «ገደ ቢስ» ማለት ግን ከባድ ስድብ ነው፤ ለችግሩ ሁሉ ጥፋተኛው አንተ ነህ እንደማለት ይቆጠራል።

አዲስ ሙሽራ ወይም እንግዳ በገባ ሰሞን ዝናብ ከጣለ ወይም ቤቱ ከሞላ «እግረ እርጥብ ናት»፣ «እግሩ እርጥብ ነው» ማለት ከ«ገደኛ» ይልቅ ይጥማል። እርጥበት ለገበሬ ጥጋብ ነውና። ሰውየው ከመጣ ወዲያ ነገር ሁሉ ከተበላሸ «እግረ ደረቅ» ይሉታል፤ ይህም እሱ በሌለበት የሚወራ ነው።

ለምኞት ሲሆን «ገደኛ» አይመችም። ለንግድ ወይም ለጉዳይ የሚወጣን ሰው «ይቅናህ»፣ «ይቅናሽ»፣ «ይቅናዎት» ይበሉት፤ መልሱ «አሜን» ነው። ለተፈታኝ ተማሪ ዛሬ «መልካም ዕድል» ይበዛል። እዚህም «በ» እንዳትገባ ይጠንቀቁ፦ «ቀንቶታል» ተሳክቶለታል ነው፣ «ቀንቶበታል» ግን ምቀኝነት ነው።