ሰራተኛው ለቀቀ፣ አካውንቱ ቀረ፦ ችግርና መፍትሄ

አነስ ባሉ መስሪያ ቤቶች አይቲ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ፕሪንተር ይጠግናል፣ ኢሜይል ይከፍታል፣ ዋይፋይ ሲቆም የሚጠራውም እሱ ነው። ሰው ሲቀጠርም ሆነ ሲለቅ ግን ወሬው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ሰው ሲለቅ ይታዩ እንጂ የሚፈጠሩት ሲቀጠር ነው። በድርጅቱ ስም መከፈት የነበረበት ነገር በሰውየው ስም ይከፈታል፤ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው።

አዲሱ ሰራተኛ መጣ፣ ኢሜይል ግን የለውም

ሰኞ ጠዋት ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። ላፕቶፕ የለም፣ ኢሜይል የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለአይቲ የነገረው የለም። መፍትሄውም ቀላል ነው። የቅጥር ደብዳቤው ግርጌ ላይ «ግልባጭ» የሚለው ቦታ አለ አይደል? ፋይናንስ አለ፣ የሰው ኃይል አለ፣ የግል ማህደር አለ። እዚያ ላይ «ለአይቲ ክፍል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። የመልቀቂያው ደብዳቤም እንደዚሁ።

አዲሷ ሂሳብ ሰራተኛ የማይመለከታትን ፎልደር ታያለች

«እንደ ቀድሞው ሰው አድርግላት» ሲባል የሚመጣ ነው። የቀድሞው ሰው ዓመታት ቆይቷል፤ አንዴ ግዢን አግዟል፣ አንዴ ደመወዝ ሰርቷል፣ የተሰጠው ፈቃድ ሁሉ እላዩ ላይ ተከምሯል። እሱን ኮፒ ስታደርጉ ክምሩንም ለእሷ ሰጣችሁ ማለት ነው። ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለስራ መደብ ይሰጥ። «ሂሳብ» የሚል ግሩፕ ፍጠሩ፣ ፎልደሩን ለግሩፑ ክፈቱ፣ ሰው ሲመጣ አስገቡት፣ ሲሄድ አውጡት።

የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ላይም ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ የሚገባ ከሆነ ያው ነው። ለየሰው የራሱ ዩዘር ይከፈት። አለበለዚያ ነገ አንድ ቫውቸር ሲቀየር ማን እንደነካው አታውቁም።

የለቀቀው ሰው አሁንም ኢሜይሉን ያያል

ፓስወርዱን ቀይራችሁ ተኝታችኋል። እሱ ስልክ ላይ ግን አካውንቱ እንደተከፈተ ሊቆይ ይችላል። ወይም ድሮ ኢሜይሎቹ ወደ ግል አድራሻው እንዲተላለፉ አድርጎ ይሆናል።

የድርጅቱ ኢሜይል ጉግል ዎርክስፔስ ከሆነ አካውንቱን ሰስፔንድ አድርጉ፤ ሳይሰረዝ ይታገዳል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት 365 ከሆነ መጀመሪያ መግባት አግዱ፣ ቀጥሎ ከሁሉም መሳሪያ እንዲወጣ አድርጉ። ወዲያው ካልተዘጋ አትደንግጡ፤ ክፍት የነበረው ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ የማስተላለፊያ ህጎቹን ፈትሹና አጥፉ። ደንበኛ የሚልከው ኢሜይል ደግሞ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ለተተኪው እንዲደርስ አድርጉ።

መቼ ይዘጋ? በሰላም የለቀቀ ከሆነ በመጨረሻው ቀን፣ ርክክቡ ሲያልቅ። የተሰናበተ ከሆነ ደብዳቤውን በሚቀበልበት ሰዓት። ሰዓቱን ግን አይቲው አይወስን። ትእዛዙ ከሰው ኃይል በጽሁፍ ይምጣ፤ «ዝጋበት» ተብሎ በኮሪደር በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ባለቤት አይገኝለትም።

የቴሌግራም ግሩፑ ኦነር (ባለቤት) የለቀቀው ሰው ነው

ይሄ የእኛ አገር ትልቁ ችግር ይመስለኛል። ስራው የሚሰራው ቴሌግራም ላይ ነው፤ የሽያጭ ግሩፕ፣ የቅርንጫፎች ግሩፕ፣ የደንበኞች ቻናል። የከፈተው በግል ስልኩ ያን ጊዜ ቅርብ የነበረ ሰው ነው። ሲለቅ ሌላ አድሚን ሊያስወጣው ቢሞክር አይችልም። ኦነርን ማስወጣት አይቻልማ!

ማስተላለፍ የሚችለው ራሱ ኦነሩ ብቻ ነው። ተተኪውን አድሚን ያደርጋል፣ ሙሉ መብት ይሰጠዋል፣ ከዚያ ባለቤትነት ማስተላለፊያው ይመጣል። ብዙዎች የሚያቅታቸው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም የኦነሩ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቀው ፓስወርድ) ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የተከፈተ እንዲሆን ይፈልጋል፤ በሚጠቀምበት ስልክም ወደ አካውንቱ ከገባ 24 ሰዓት ያለፈው መሆን አለበት። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት «በል አስረክብ» ብትሉት ቢፈልግም አይችልም። በአሰሪና ሰራተኛ ህጉ ሰራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ደብዳቤው በገባ ማግስት ማረጋገጫውን እንዲከፍት አድርጉት፤ ጊዜው ይበቃል።

ሄዶ ከሆነስ? ደውሉለት። በሰላም የተሸኘ ሰው ስልክ ያነሳል። እምቢ ካለ አዲስ ግሩፕ ከመክፈትና ሰዉን ከማዛወር ሌላ መንገድ የለም። አዲሱን በድርጅቱ ሲም በተከፈተ አካውንት ክፈቱት።

ኮዱ የሚሄደው ወደ ለቀቀው ሰው ስልክ ነው

የዶሜይኑ (የድረገጹ አድራሻ) አካውንት፣ የፌስቡክ ገጹ፣ የባንክ ሲስተሙ፤ ልትገቡ ስትሉ «ኮድ ልከናል» ይላል። ኮዱ የደረሰው ሌላ መስሪያ ቤት ለተቀጠረ ሰው ነው። እስካሁን ቁጥሩ በእጁ ከሆነ ደውላችሁ ኮዱን ተቀበሉና በዚያው ቁጭታ ቁጥሩን ቀይሩ። ነገ አትበሉ። ሲሙ በድርጅቱ ስም የወጣ ከሆነ ቢጠፋም በደብዳቤ ታስተኩታላችሁ፤ በሰውየው ስም ከወጣ ግን ማስተካት የሚችለው እሱ ነው። ፌስቡክ ገጽ ላይ ሙሉ ቁጥጥር ያላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይኑሩ።

የተመለሰው መሳሪያ አይከፈትም

ላፕቶፑ ሲበራ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ቢትሎከር ይላል (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው)፣ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ማንም አላወቀውም፣ ማንም አልቆለፈውም። የሆነው ይሄ ነው፦ ሰራተኛው መጀመሪያ ዊንዶውስ ሲያስተካክል በግል የማይክሮሶፍት አካውንቱ ገባ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ያኔ ራሳቸው ዲስኩን ይቆልፉና ቁልፉን እዚያው የግል አካውንት ላይ ያስቀምጣሉ። ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ሲደረግ ወይም ቦርዱ ሲነካ ቁጥሩን ይጠይቃል።

ሰውየው ከየትኛውም ቦታ ሆኖ ማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሊያነብላችሁ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ያለውን የቁልፍ መለያ መጀመሪያ ላኩለት፤ ብዙ ኮምፒውተር ካለው እንዳይምታታ። ጥገና ቤት ብትወስዱት «ፎርማት እናድርገው» ይሏችኋል። ላፕቶፑ ይከፈታል፣ እውነት ነው። ፋይሉ ግን ለዘላለም ሄደ።

ስልክም ተመሳሳይ ነው። አንድሮይድ ስልክ የጉግል አካውንቱ ሳይወጣ በበተን ሪሴት ከተደረገ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። አይፎን ደግሞ የአፕል መለያው ካልወጣ ይቆለፋል፤ እሱን እንኳ ባለቤቱ ከሩቅ በአይክላውድ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ መሳሪያ ስትረከቡ ከፍታችሁ፣ አካውንቱ መውጣቱን እያያችሁ፣ ሰውየው ፊታችሁ እያለ ተረከቡ።

አካውንቱ ተሰረዘ፣ ፋይሉም አብሮ ሄደ

ለላይሰንስ ቁጠባ ተብሎ ቶሎ ይሰረዛል። ጉግል ዎርክስፔስ ላይ የተሰረዘ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ ማይክሮሶፍት 365 ላይ በ30 ቀን። ቀኑ ካላለፈ መልሱት፣ ፋይሉን ለተተኪው አስተላልፉ፣ ከዚያ ሰርዙ። ካለፈ ያላችሁ ባክአፕ ብቻ ነው።

ክሊራንሱ አልቋል፣ ላፕቶፑ ግን የለም

የክሊራንስ ቅጹን እዩት። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፤ የአይቲ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ጨምሩበት። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት ውሉ ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የስራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ሰራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት መመለስ ካዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ይህን ለማለት ግን መውሰዱን የሚያሳይ ፊርማ ያስፈልጋችኋል። መንግስት መስሪያ ቤት የንብረት ወጪ ቅጹ ሞዴል 22 አለ፤ ግል ድርጅት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ያው ላፕቶፕ ሰጥተነዋል» ነው። የመረከቢያ ቅጽ ይኑር፤ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ቦርሳው። ቻርጀሩንም ጻፉት፤ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።