ቡችላ ትንፋሽ ሲያጥረው፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቡችላን ሕመም ለመለየት በቅድሚያ ጤነኛው እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ተኝቶ ሳለ ሳይነኩት የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት በቂ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት የሞላው ቡችላ በዕረፍት ላይ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ15 እስከ 40 ጊዜ ይተነፍሳል። ጨቅላዎቹ በእንቅልፋቸው መወራጨታቸውና ትንፋሻቸው ለአፍታ መዛባቱ ግን የተለመደ ነው።

ድዱ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ከገረጣ፣ አንገቱን ዘርግቶ በአፉ ከተነፈሰ፣ በየትንፋሹ ሆዱ ወደ ውስጥ ከተሳበ

ሰማያዊ ድድ ደሙ በቂ ኦክስጅን እንደማያገኝ ያመለክታል። መንስኤውን ቤት ውስጥ ለማጣራት መሞከር ጊዜ ማባከን ስለሆነ፣ ምግብም ውኃም በግድ ሳይሰጡና በጀርባው ሳያስተኙ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። ድዱ የነጣና ፀጉሩ በቁንጫ የተወረረ ከሆነ የትንፋሹ መፍጠን ከደም ማነስ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ቢሆን ለነገ የሚባል አይደለም።

ወተት በአፍንጫው ከወጣ

በጡጦ በሚያድጉ ቡችሎች ላይ ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ይህ ነው። የጡጦው ቀዳዳ ሲሰፋ ወይም ቡችላው እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባው ታቅፎ ሲጠባ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ማጥባቱን ወዲያው አቁሞ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘቅዘቅ ማድረግና አፍንጫውን መጥረግ ያስፈልጋል፤ ይዞ ማወዛወዝ ግን አንጎሉን ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ። በቀጣዮቹ ቀናት ካሳለ፣ ከፈዘዘ ወይም መጥባት ካቆመ የሳንባ ምች ጀምሮት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። ጡጦው ሲዘቀዘቅ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት እንጂ መንቆርቆር የለበትም፤ ቡችላውም በሆዱ ተኝቶ፣ ራሱን በጥቂቱ ቀና አድርጎ መጥባት አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ወተቱ በአፍንጫው መውጣቱን ካላቆመ አፉን ከፍቶ በባትሪ ብርሃን ላንቃውን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ቡችላ ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳልና።

ሰውነቱ ከቀዘቀዘና ትንፋሹ ከደከመ

ጨቅላ ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። የቀዘቀዘ ቡችላ ሆዱ ወተት ስለማይፈጭ፣ ሳይሞቅ ማጥባት ለሌላ አደጋ ማጋለጥ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ መያዣ አጠገቡ አድርጎ ቀስ በቀስ ማሞቅ ይቅደም። ዕድሜው ከ3 ሳምንት በታች ሆኖ ያለማቋረጥ ካለቀሰና ጡት እምቢ ካለ፣ በዚህ ዕድሜ በፍጥነት የሚገድለው የውሾች ሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ወንድምና እህቶቹም አብረው ይታዩ።

ካሳለ

የሚያስታውክ የሚያስመስለው ደረቅ ሳል ብዙውን ጊዜ ቦርዴቴላ የተባለው ባክቴሪያ፣ ፓራኢንፍሉዌንዛ ወይም ሌሎች ቫይረሶች የሚያመጡት ተላላፊ ሕመም ነው። ትልቅ ውሻ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ያገግማል፤ ቡችላ ላይ ግን ወደ ሳንባ ምች ሊሸጋገር ስለሚችል ከሌሎቹ ለይቶ ማሳከም ይሻላል። በሳሉ ላይ ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወጣ ወፍራም ፈሳሽ፣ ትኩሳትና ተቅማጥ ከተጨመረ ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች የቫይረስ በሽታ ይጠረጠራል። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ስለሌለው ዋናው መከላከያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላ የሚሰጠው ክትባት ነው። ሆዱ የተነፋ ቡችላ ሲያስል ደግሞ የወስፋት እጮች በሳንባው እያለፉ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜ ይጀመራል።

ለሰው የተሠራ የሳል ሽሮፕ፣ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን ለቡችላ መርዝ ሊሆን ስለሚችል አይሰጥ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ አተነፋፈሱን በስልክ ቀርጾ መያዝ በጣም ይጠቅማል፤ ሳሉ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ፊት አይታይም።