ፎንቱ ለአንዳችን ብቻ ሲታይ
ደሴ ፒያሳ ባለችው የጽሕፈት ሱቃችን በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሆነን እንሠራለን፤ ሁላችንም የየራሳችን አካውንት አለን። የጽሑፍ ፕሮግራማችንን ሊብሬኦፊስን በአድሚን (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) አካውንት ስለጫንኩት ለሁላችንም ተከፈተ። ያስቸገረኝ ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ ነው። እኔ ጋ አቢሲኒካ በሚባለው ፎንት የተጻፈው ባለአንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ባልደረባዬ ጋ ሲከፈት መልኩ ተቀይሮ ሁለት ገጽ ሆነ። ባለጉዳይዋ ቆማ እየጠበቀች ነው። ጨነቀኝ። ሊብሬኦፊስን ነቅዬ እንደገና ጫንኩ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ለካ ዊንዶውስ 10 ላይ ፎንቱን ከፍተን «ኢንስቶል» ስንል የሚጫነው ለዚያው አካውንት ብቻ ነው! ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክቼ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» አልኩት፣ የአድሚን ፓስወርድ አስገባሁ። ሊብሬኦፊስን ዘግተን ስንከፍተው ማመልከቻው ወደ አንድ ገጹ ተመለሰ።

ሊብሬኦፊስ በየስንት ደቂቃው በራሱ ሴቭ እንደሚያደርግ ግን እያንዳንዳችን በየአካውንታችን ማስተካከል ነበረብን። መብራት ድንገት ስለሚጠፋ ሁላችንም 2 ደቂቃ ላይ አድርገነዋል።