ርካሽ ፋውንቴን ፔን ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

ርካሽ ፋውንቴን ፔን የምወደው ሳልሳሳ ስለምፈታው ነው። ኒቡን አውጥቼ ሌላ እተክልበታለሁ። ኮንቨርተሩን ጥዬ በርሜሉን ሙሉ ቀለም እሞላዋለሁ። ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ አልጽፍ ያላቸውን ሁሉ ያመጡልኛል። ብዙ ከፈታሁና ከገጠምኩ በኋላ አንድ ነገር ገብቶኛል። "ተበላሸ" ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ አብዛኛው አልተበላሸም። የሚበላሸው ባለቤቱ በደንብ ሳያየው ሊጠግነው ሲነሳ ነው።

ቀለም መኖሩን፣ ካርትሬጁ (ቀለም ታሽጎ የሚሸጥበት ትንሽ ቱቦ) መበሳቱን፣ ኒቡ ጀርባውን ወደ ላይ ማድረጉን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ስለ ስሞቹ እንግባባ። ኒብ የምለው የብረት ጫፉን ነው። ኒቡን መሃል ለመሃል የሚከፍለው ቀጭን መስመር ስንጥቅ ነው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ደግሞ ጥርሶቹ። ከኒቡ ሥር ተጠግቶ የተቀመጠው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር የሆነው ፕላስቲክ ፊድ ይባላል። ኮንቨርተር ቀለም ስቦ የሚይዘው ተነቃይ ቱቦ ነው። በርሜል ቱቦውን የሚሸፍነው የብዕሩ ቀፎ ነው፤ መያዣ የምለው ደግሞ ስንጽፍ በጣት የምንጨብጠውን የፊት ክፍል ነው።

የብዕሩ አሠራር አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ቀለም ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ቀለሙን እስከ ጫፉ የሚስበው የስንጥቁ ጥበት ነው። አየሩን እየመጠነ የሚያስገባው ፊዱ ነው። ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ፊድ ይህንኑ ልውውጥ የሚያስተካክል ነበር። በእጃችሁ ያለው ርካሽ ብዕርም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንድ ብዕር ሲያስቸግር መጀመሪያ የምጠይቀው ቀለሙ የቱ ጋ ቆመ፣ አየሩስ በየት በኩል ገባ የሚለውን ነው።

አዲስ ነው፤ ሁለት መስመር ጽፎ ይቆማል

ከፋብሪካ የተረፈ ቅባት ነው። ቀለሙ በብዛት ውሃ ስለሆነ ቅባት በነካው ፊድ ላይ በደንብ አይሄድም፤ ይቆራረጣል። ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። በኮንቨርተሩ አሥር ጊዜ ያህል እየሳባችሁ አስወጡት። ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ድገሙት። ኒቡን ቁልቁል ሶፍት ላይ አቁማችሁ አሳድሩት።

የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ፊድ ይጣመማል። አልኮልም አታስነኩት፤ ግልጽ የሆነ ፕላስቲክ በአልኮል ይሰነጣጠቃል።

ይቧጭራል

ዋናው ይህ ነው። ከሚመጡልኝ ብዕሮች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ወደ እኔ ከመድረሳቸው በፊት የብርጭቆ ወረቀት ቀምሰዋል።

እባካችሁ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጡት። በአብዛኛው ብዕሩ የሚቧጭረው ጫፉ ሻካራ ስለሆነ አይደለም። ሁለቱ ጥርሶች እኩል ስላልቆሙ ነው። አንዱ ከሌላው በፀጉር ስፋት ዝቅ ይላል፤ በስንጥቁ በኩል ያለው ጠርዙ ይጋለጥና ወረቀቱን እንደ ቢላ ይይዛል። ይህን በመፈግፈግ አታስተካክሉትም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ብዕሩን እንደ ወትሮው ያዙ፤ ምንም ሳትጫኑ ወደ ቀኝ መስመር አስምሩ፤ ከዚያ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ ሲሄድ ብቻ ከቧጨረ ዝቅ ያለው የግራው ጥርስ ነው። ወደ ግራ ሲሄድ ብቻ ከቧጨረ የቀኙ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከቧጨረ ብቻ ነው ጫፉ ራሱ ሻካራ ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩት። እሱ ብዙም አያጋጥመኝም።

በጣታችሁ የተሰማችሁን በዓይናችሁ አረጋግጡ። 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ ያስፈልጋችኋል። ያለ ማጉያ ኒብ መንካት ጨለማ ውስጥ መርፌ ላይ ክር እንደ ማስገባት ነው። ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አዙሩና ፊት ለፊት እዩት። ሁለቱ ጥቃቅን ድቡልቡሎች አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ኒቡ ወደ እናንተ ሲዞር ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ስትጽፉ የግራ የነበረው ጥርስ አሁን በቀኛችሁ በኩል ነው። አንድ ወዳጄ ይህን ረስቶ ደህናውን ጥርስ ሲጫን ቆይቶ፣ ልዩነቱን እጥፍ አድርጎ አምጥቶልኛል።

ከዚያ በጥፍር ነው የሚስተካከለው። ሁለት መንገድ አለ፤ ምርጫው በብዕሩ ጠባይ ይወሰናል። ቀለም የሚያበዛ ከሆነ ከፍ ያለውን ጥርስ በአውራ ጣት ጥፍር ወደ ታች ተጫኑት። ቀለም የሚቆጥብ ከሆነ ዝቅ ያለውን ከሥሩ ወደ ላይ አንሱት። ጥርስ ወደ ላይ ሲነሳ ስንጥቁ ትንሽ ይላላና ቀለሙ ይጨምራል፤ ወደ ታች ሲጫን ይጠብና ይቀንሳል። በአንድ እጅ ሁለት ሥራ ማለት ነው። እኩል ከሚሆንበት ትንሽ አሳልፉት፤ ለአምስት ሰከንድ ያህል ያዙት፤ ልቀቁት። ብረቱ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ መጀመሪያ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። እዩት፤ ድገሙት፤ እንደገና እዩት። ሦስትና አራት ጊዜ መደጋገም ያለ ነው። ፒንሳ ግን በጭራሽ። ፒንሳ የነካው ኒብ ጀርባው ላይ ጠባሳ ይዞ ይመጣል፤ ጥርሱም ተጠማዞ እንጂ ተቃንቶ አይመጣም።

አስተካክላችሁት በማግስቱ ተመልሶ ከቧጨረስ? ይህ ሦስት ጊዜ የተመላለሰልኝ አንድ ብዕር ነበር። በሄደ ቁጥር ልስልስ ብሎ ይጽፋል፤ በነጋታው ባለቤቱ ይደውልልኛል። ለካስ ጥፋቱ የኒቡ አልነበረም። ፊዱ በትንሹ ዞሮ ተተክሎ ኖሮ አንዱን ጥርስ ከሥሩ ይገፋው ነበር። እኔ ወደ ታች የተጫንኩትን ፊዱ ሌሊቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ኒቡንና ፊዱን አንድ ላይ ስቤ አወጣሁ፤ አጠብኩ፤ የኒቡን ስንጥቅ ከፊዱ መሃለኛ ቦይ ጋር አስተያይቼ ቀጥ አድርጌ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አሁን ጥርስ ከመንካቴ በፊት መጀመሪያ የማየው ፊዱ መሃል ላይ መሆኑን ነው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። በተለይ ኒብ ቀይራችሁ ከሆነ። ስታወጡ ኒቡንና ፊዱን በጨርቅ ላይ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ያዙ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ኒቡን ብቻ ጨብጣችሁ አትጠምዝዙ። እምቢ ካለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆዩትና ሞክሩ።

ጥርሶቹ ለምን ይዛነፋሉ? ርካሽ ኒብ ላይ ስንጥቁ ከመሃል ወጥቶ የተቆረጠ አጋጥሞኛል። ሣጥኑን በወርቃማ ጽሑፍ ከማስጌጥ አንድ ሰው ኒቡን በማጉያ ቢያየው ምን ነበረበት? ሌላው ጥፋት ግን የእጅ ነው። ስክሪብቶ የለመደ እጅ ይጫናል። ፋውንቴን ፔን የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ክዳኑንም አይታችሁ ክደኑ። ኒቡ የክዳኑን አፍ አንድ ጊዜ ሲገጭ ግማሽ ሰዓት የለፋችሁበት ይበላሻል።

ጥርሶቹ እኩል ሆነው፣ ፊዱ መሃል ላይ ሆኖ አሁንም ትንሽ ከሻከረ፣ ያኔ 12000 ቁጥር ማይክሮ ሜሽ (እጅግ ደቃቅ ማለስለሻ) ውሰዱ። ኒቡ ቀለም እያለው፣ ሳትጫኑ፣ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ የ8 ቁጥር ቅርጽ ሥሩበት። ቁሙ። ወረቀት ላይ ሞክሩት። ጫፉ ላይ የተበየደችው ጠንካራ ብረት በጣም ትንሽ ናት። የግንባታ ብርጭቆ ወረቀት በሰከንዶች ያስወግዳታል። እሷ ከሄደች የቀረው ለስላሳው ብረት ነው፤ እሱም በወረቀት እየተበላ ያልቃል።

ከልክ በላይ ማለስለስም ሌላ በሽታ ያመጣል። የስንጥቁ ሁለት ጠርዞች ይከብቡና ጫፉ መሃሉ ላይ ይጎደጉዳል። ቀለሙ እስከ ጫፍ ይደርሳል፤ ወረቀቱን ግን አይነካም። እንደ ቅቤ የሚንሸራተት ብዕር የቃሉን የመጀመሪያ ጭረት ሁልጊዜ እየዘለለ ካስቸገራችሁ ይህ ነው። ርካሽ ብዕር ከሆነ ኒቡን ቀይሩት፤ ቁማር አትጫወቱበት።

ይጽፋል፤ ግን የደረቀና የገረጣ ነው

ታጥቦም ከቀጠለ ስንጥቁ ጠቧል። ኒቡን ወደ ብርሃን ያዙት። ስንጥቁ ከሚነሳበት ከመተንፈሻው ቀዳዳ ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ የብርሃን ክር መታየት አለበት፤ ጥርሶቹ ጫፍ ላይ ነካ ሲሉ ይጠፋል። ክሩ ገና መሃል ላይ ከጠፋ ጠባብ ነው። 0.05 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የነሐስ ቅጠል ከቀዳዳው ወደ ጫፉ በቀስታ አንሸራቱት። ሁለት ሦስት ጊዜ። ነሐስ ከኒቡ ብረት ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ምላጭ ግን አታስገቡ። ምላጭ የስንጥቁን ውስጥ ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቧጭረው ቧጨራ በጥፍር አይስተካከልም።

ተቃራኒውም አለ። ሲጫኑት ኖረው ጥርሶቹ ጫፍ ላይ ከተራራቁ፣ ጥበቱ ስለጠፋ ቀለሙ ጫፍ ድረስ አይሳብም።

ግማሽ ገጽ ጽፎ ይቆማል፤ ፈትታችሁ ስትገጥሙት ይጽፋል

ቀለሙ ኮንቨርተሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። መታ መታ ስታደርጉት ይወርዳል። ለዘለቄታው ዝገት የማይነካት ትንሽ የብረት ኳስ ውስጡ ጨምሩ፤ ብዕሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀለሙን ታላቅቀዋለች። ኮንቨርተሩ አፉ ላልቶ የሚወልቅ ከሆነ ጣሉት። በሙጫ የሚያጣብቁት አሉ፤ ከዚያ ማጠብ አይቻልም።

አድሮ ሲነሳ ደርቋል

ክዳኑ አየር ያስገባል። ክዳኑን አጥባችሁ አፋችሁ ላይ አድርጉና አየሩን ሳቡት። ከንፈራችሁ ላይ ከተጣበቀ ደህና ነው። ካልተጣበቀ ስንጥር ወይም ቀዳዳ ፈልጉ፤ ጫፉን ከውስጥ በጥቂት ሰም ድፈኑት። አንዳንድ ክዳን ላይ ግን ቀዳዳው ሆን ተብሎ የተበሳ ነው። ሕፃን ቢውጠው አየር እንዲያሳልፍ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ኒቡን የሚያሽግ ሌላ ውስጠኛ ክዳን ስላለው የውጪውን ቀዳዳ አትንኩት። በርካሾቹ መካከል ፕላቲነም ፕሬፒ በስፕሪንግ የሚጫን ውስጠኛ ክዳን ስላለው ለረጅም ጊዜ ተቀምጦም ይጽፋል። ርካሽ ማለት የግድ የሚደርቅ ማለት አይደለም።

በርሜሉን ቀለም ሞላሁት፤ ጠብታ ይጥላል

መጀመሪያ በርሜሉ ለዚህ የሚሆን ነው? መጨረሻው ላይ ቀዳዳ ካለው አይሆንም። ውስጡ ብረት ካለበት አይሆንም፤ ቀለም ብረቱን ይበላዋል። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ መያዣው የሚጠብቅበት ጠመዝማዛ ሥር ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አድርጉ፤ ጠመዝማዛውን በሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። ቫዝሊን አይተካውም። አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከጫፉ ጠብ የሚል ከሆነ መጠኑን እዩ። ቀለሙ ሲጎድል ቦታውን አየር ይይዛል። የእጃችሁ ሙቀት አየሩን ያሰፋዋል፤ የሰፋው አየር ቀለሙን በፊዱ በኩል ይገፋዋል። ሲሶ ሲቀረው ሙሉት። ሲሶ የቀረውን ደረት ኪስ ውስጥ ይዞ የሄደ አንድ ባልደረባዬ ሸሚዙን አጥቷል።

ምንም አያወጣም

ምን ቀለም ሞላችሁ? ለሥዕልና እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር የተሠራ፣ ሼላክ የሚባል ሙጫ ያለበት ቀለም ፋውንቴን ፔን ውስጥ አይገባም። ከደረቀ በውሃ አይሟሟም። አንድ እጅ አሞኒያ ለአሥር እጅ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምራችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉትና በብዙ ውሃ አለቅልቁት። አሞኒያ በረኪና አጠገብ እንዳይደርስ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣቸዋል።

አልፎ አልፎ

መያዣው ተሰንጥቆ ጣት የሚያቀልም ከሆነ ሙጫ አይዝለትም፤ መያዣውን ቀይሩ። የጫፉ ድቡልቡል ብረት ከወደቀች ኒቡ አብቅቷል። ኒብ ስትቀይሩ ደግሞ የመጠን ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። 6 ቁጥር የተባለ ሁሉ ጉብታው አንድ ዓይነት አይደለም። ተክላችሁት ወደ ብርሃን ስታዩት በኒቡና በፊዱ መካከል ክፍተት ካለ ቀለሙ እዚያ ይቆማል፤ ቀጥ ብሎ የሚገጥመውን ፈልጉ።