በአየር ቦይ ላይ የሚገባ ትልቅ የጋዝ ማሞቂያ እንዴት ይገጠማል? እንዴትስ ይስተካከላል?

መጋዘን፣ ወርክሾፕ፣ ሰፊ አዳራሽ ለማሞቅ ከሚያገለግሉት አንዱ፣ በላሜራ የአየር ቦይ መሃል የሚገባው የጋዝ ማሞቂያ ነው። ባለሙያዎቹ ቦዩን ዳክት ይሉታል። ይህ ማሞቂያ የራሱ ፋን የለውም። እሳቱን ያነዳል እንጂ አየሩን የሚገፋለት ሌላ ነው። ጣጣውም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ማሞቂያው አልሠራ ሲል ሁሉም ወደ ጋዙ ይሮጣል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ አየሩ ጋ ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ከአየሩ እንጀምር፤ ጋዙ ተራውን ይጠብቅ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ጋዝ መቀጠልና ለመጀመሪያ ጊዜ ማቀጣጠል ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። እናንተ የምታሠሩት ከሆናችሁ፣ አጠገቡ ቆማችሁ ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚህ ታገኛላችሁ።

ቦታው የት ነው?

ማሞቂያው የሚቀመጠው ከፋኑ በኋላ፣ ፋኑ በሚገፋበት በኩል ነው። በሚስብበት በኩል በፍጹም አይሆንም። እሳቱንና ሰው የሚተነፍሰውን አየር የሚለያቸው ቀጭን ብረት ብቻ ነው። ብረቱ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ፣ በሚስበው በኩል ያለ ፋን ጭሱን ጎትቶ ለሰው ያድለዋል። በጭሱ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ፋኑ ከኋላ ሆኖ ሲገፋ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚበልጥ ጭሱ በስንጥቁ ወደ ቦዩ ለመግባት ይቸገራል።

እዚያው ቦይ ላይ ማቀዝቀዣም ካለና ማሞቂያው ከሱ ቀጥሎ ከመጣ፣ ቀዝቃዛው አየር ሲያልፍ ብረቱ በውስጥ በኩል ያልበዋል። ላቡ ዝገት ነው። በዚህ ጊዜ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ማሞቂያና የውሃ ማስወገጃ ያስፈልጋል።

አየሩ ማሞቂያው ላይ እኩል ተዘርግቶ መድረስ አለበት። ከፊቱ ቅርብ ላይ ክርን (የቦዩ መታጠፊያ) ካለ አየሩ ወደ አንድ ጎን ያደላል። አየር ያጣው ጎን ይግላል፣ ይጣመማል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ቀጥ ያለ በቂ ቦይ ተዉ፤ ቦታ ከጠበበ ክርኑ ውስጥ አየሩን የሚመሩ ላሜራዎች ይግቡ። ከማሞቂያው በፊትና በኋላም የመፈተሻ በር ይቆረጥ። ገጣሚዎች በዚህች በር ሲሰንፉ አይገርመኝም፤ ሥራው አሰልቺ ነው። ግን በሩ ከሌለ ከዓመታት በኋላ ስንጥቅ ለማየት ቦዩን ማፍረስ ሊኖርባችሁ ነው።

ክብደቱን የሚሸከሙት ከጣሪያው የወረዱ ዘንጎች እንጂ ቦዩ አይደለም። ከሚቀጣጠል ነገር ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በማሞቂያው መለያ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።

ጭስ፣ ጋዝ፣ ሽቦ

ጭስ ማውጫው አግድም በሚሄድበት ሁሉ ወደ ውጭ ሲሄድ ከፍ እያለ ይውጣ፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል። እሳቱም አየር ይፈልጋል። ሕንፃው ውስጥ ትልልቅ የአየር ማስወጫ ፋኖች ካሉ ጭሱን ወደ ውስጥ መልሰው ሊስቡት ይችላሉ።

በጋዙ መስመር ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ፣ በቀላሉ የሚፈታ የቧንቧ መጋጠሚያ (ዩኒየን)፣ እና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ቢያንስ 75 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ወደ ታች የተንጠለጠለ ቁራጭ ቧንቧ። መስመሩ በግፊት ሲፈተሽ ግፊቱ ከ3.5 ኪሎፓስካል የሚበልጥ ከሆነ ማሞቂያው ከመስመሩ ይፈታ። አለበለዚያ የጋዝ ቫልቩ ይበላሻል። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ክብሪት አይታሰብም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ፌዝና ኒውትራል እንዳይቀያየሩ፣ ኧርዝም በደንብ እንዲታሰር አድርጉ። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች እሳት መኖሩን የሚያውቁት በነበልባሉ ውስጥ በሚያልፍ እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ኧርዙ ከላላ እሳቱ ይለኮስና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል፤ ሰውም የመቆጣጠሪያ ቦርድ ሲቀያይር ይውላል።

ማስተካከሉ

ጋዙ ተዘግቶ እያለ ፋኑን ብቻ አስነሱ። አዟዟሩን እዩ። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ፋን ተገላቢጦሽ ቢዞርም ትንሽ አየር መግፋቱን ስለማይተው ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን መቀያየር መፍትሔው ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ። ማሞቂያው በጋዝ 75 ኪሎዋት ይበላል፣ 80 ከመቶውን ወደ አየር ያስተላልፋል እንበል። 60 ኪሎዋት ማለት ነው። በቦዩ ውስጥ በሰከንድ 1.5 ኪዩቢክ ሜትር አየር ካለፈ፣ 60ን ለ1.2 ከዚያም ለ1.5 አካፍሉ። አየሩ ከገባበት በ33 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል። 1.2 የአየሩ ክብደትና ሙቀት የመያዝ አቅሙ ያመጣው ቁጥር ነው።

መለያ ሰሌዳው ላይ የሚፈቀደው ጭማሪ ተጽፏል፤ ለምሳሌ ከ11 እስከ 50 ዲግሪ። ከዚያ በላይ ከሆነ አየር አንሷል፣ ብረቱ ይቃጠላል። ከዚያ በታች ከሆነ አየር በዝቷል፣ ጭሱ ማሞቂያው ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ ይዝጋል። የሚስተካከለው የፋኑን ቺንጋና ፑሌጃ በመለወጥ ነው። ፍጥነቱን ስትጨምሩ የሞተሩን አምፔር ለኩ፤ ከተጻፈለት እንዳያልፍ።

አሁን ወደ ጋዙ። የግፊት መለኪያው ማኖሜትር ይሰካ፤ ግፊቱ የሚለካው እሳቱ በሙሉ እየነደደ ነው። በብዙ ማሞቂያዎች በርነሩ (እሳቱ የሚነድበት ክፍል) ላይ የሚፈለገው በተፈጥሮ ጋዝ 8.7 ሚሊባር፣ በፕሮፔን 25 ሚሊባር ገደማ ነው። የናንተው ሰሌዳ ሌላ ካለ እሱን እመኑ። ከባህር ጠለል በላይ 600 ሜትር ካለፋችሁ አየሩ ይሳሳል፤ በዚያ ከፍታ የጋዙን መጠን መቀነስ ያስፈልጋል። መጠኑን አምራቹ በሰንጠረዥ ይሰጣል።

ግፊቱ ልክ ነው ማለት ግን የሚነደው ጋዝ ልክ ነው ማለት አይደለም። ጋዝ የሚጠቀም ሌላ ዕቃ ሁሉ ይጥፋና የጋዝ ቆጣሪውን ሰዓት ይዛችሁ ለኩ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር የተፈጥሮ ጋዝ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 75 ኪሎዋት የሚበላ ማሞቂያ 0.1 ኪዩቢክ ሜትር ለመጨረስ 50 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጂግለሩ (ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ) ትክክለኛው አይደለም ማለት ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል ከነደደ በኋላ የገባውንና የወጣውን አየር ሙቀት ለኩ። ቴርሞሜትሩ የጋለውን ብረት ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነ ከእውነቱ በላይ ያነባል። ከክርኑ ኋላ ደብቁት።

የቀረው ማሞቂያው በራሱ መጥፋቱን መፈተሽ ነው። እሳቱ እየነደደ የፋኑን ኤሌክትሪክ ቁረጡ። አየር መኖሩን የሚያረጋግጠው ስዊች ወዲያው ጋዙን መዝጋት አለበት። ከዚያ ፋኑን መልሱና አየሩን ቀስ በቀስ አፍኑት፤ የሙቀት ገደቡ ስዊች እሳቱን ያጥፋ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ማሞቂያው እስኪጠገን አይነካም።

ካለፈ ግን ቀኑን፣ የጋዙን ግፊት፣ የሙቀቱን ጭማሪና የሞተሩን አምፔር በማይለቅ ቀለም በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉት። ቀጣዩ ጥገና ከዚያ ይጀምራል።