ብቸኛ መርማሪ ስትጽፉ እነዚህን ተጠንቀቁ

ጎረቤት ይሞታል። ፖሊስ ፋይሉን ይዘጋል። ደዋይ የሌለው አንድ ሰው ግን «ተገድሎ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። ጨለማ ቀልድ ያለው የቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ያሳስታል።

ዋናው ስህተት ብቸኝነትን ጌጥ ማድረግ ነው። ዝናብ፣ መስኮት፣ መጠጥ፣ ትካዜ። ከዚያ ሁሉም ይረሳና ምርመራው ይቀጥላል። ብቻውን የሚኖር ሰው እኮ የጎረቤቶቹን ኮቴ ይለያል። ማን ስንት ሰዓት እንደሚገባ ያውቃል፤ ሌላ የሚያዳምጠው የለውማ! ጎበዝ መርማሪ የሚያደርገው ይኸው ነው። የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ፈገግ ያለለትን ሰው መጠርጠር አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው «ኦንሊ መርደርስ ኢን ዘ ቢልዲንግ» ድራማ ውስጥ ስቲቭ ማርቲን የሚጫወተው ቻርልስ፣ ድሮ በቴሌቪዥን መርማሪ ሆኖ የተወነ፣ ዛሬ ዝናው ያለፈበት ሰው ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን ገዳይ አልናገርም። ያያችሁት ግን ለምን እዚህ ጋ እንዳነሳሁት ገብቷችኋል።

በሬሳው መሳቅም አለ። ሳቁ ከሟች ሳይሆን ከቋሚ ይምጣ። በዚሁ ድራማ ቻርልስ የሚኖርበት ሕንፃ ነዋሪዎች ለሞተው ጎረቤታቸው ተብሎ ይሰበሰባሉ፤ የሚታዘንለት ግን ድመቱ የሞተችበት ጎረቤት ነው። ያስቃል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀፋል። ብቸኛ መርማሪ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ የራሱን ቀብር አስቀድሞ ያያል።

ፖሊስን ጅል አታድርጉት። የሚሸወደው ፖሊስ ሞኝ ከሆነ የመርማሪያችሁም ብልጠት ይረክሳል። ፋይሉን የሚዘጋበት አሳማኝ ምክንያት ስጡት። በቻርልስ ሕንፃ የጎረቤቱ ሞት «ራሱን አጥፍቶ ነው» ተብሎ ተዘግቷል፤ ማንም ሊያምነው የሚችል ነገር ነው።

ጓደኛ በቶሎ መስጠት ደግሞ ብዙ ጸሐፊ የሚወድቅበት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ይተዋወቃሉ፣ በሁለተኛው ምስጢር ይካፈላሉ፣ በሦስተኛው ቤተሰብ ሆነዋል። ታዲያ ብቸኝነቱ የት ገባ? አብሮ መመርመር መተማመን አይደለም። ከቻርልስ ጋር የምትመረምረው ሜብል ሟቹን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው እንደነበር ከሁለቱ አጋሮቿ ደብቃለች። ከዚህ የባሰም መጠየቅ ይቻላል፦ ገዳዩ ከተገኘ በኋላ እነዚህ ሰዎች በምን ሰበብ ይገናኛሉ? መርማሪው ይህ ከገባው ምርመራው እንዲያልቅ በውስጡ አይፈልግም። ፍንጭ ሲያገኝ ደስታውና ድንጋጤው እኩል ይሆናል። በእኔ እምነት የዚህ ዓይነት ድራማ ምርጡ ቀልድ እዚህ ነው ያለው፤ ሳይነካ ሲታለፍ ግን በጣም ያናድደኛል።

ፍንጭ ከተመልካች መደበቅ? አይሆንም። መርማሪው ያየውን እኛም እንይ።

በመጨረሻ፣ መርማሪው ሁልጊዜ ልክ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተጀመረው «ሰርች ፓርቲ» ድራማ ዶሪ የምትባል ወጣት፣ ድሮ ኮሌጅ ሳለች በቅጡ እንኳን ያላወቀቻትን የጠፋች ልጅ ፍለጋ ትወጣለች። ልጅቷ አደጋ ላይ አልነበረችም። በፍለጋው ሰበብ ግን ሰው ይሞታል። (ላላያችሁት ይቅርታ፤ ያለዚህ ነጥቡ አይገባም።) እንዲህ ለማድረግ ካሰባችሁ የመርማሪው ስህተት መጨረሻው ክፍል ላይ ከሰማይ አይውረድ። ገና ከጅምሩ ማስረጃን ወደሚፈልገው ሲያጣምም እንየው፤ እኛም አብረነው እንጠርጥር።